በሰው አገር ለሚይዝ ጭንቀት በኢንተርኔት የሚሰጥ ሕክምና

ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ስዊድን በነበርኩበት ጊዜ፣ በሁለተኛው ክረምት፣ ወደ ማደሪያዬ በሚወስደኝ ባቡር ውስጥ ልቤ ድንገት ይደልቅ ጀመር። እጄ ደነዘዘ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ አየር አጠረኝ። ድንገተኛ ክፍል ገብቼ ልቤ ሲመረመር ምንም አልተገኘበትም። ከሳምንት በኋላ ያው ነገር ደገመኝ። ሲሠልስ ባቡር መሳፈሩን ትቼ አርባ ደቂቃ በበረዶ ላይ በእግሬ መመላለስ ያዝኩ። ቤተሰብ ሲደውል ግን መልሴ ‹‹ደህና ነኝ፣ ብርዱ ብቻ ነው›› የሚል ነበር።

ሐኪሟ የላከችኝ በኢንተርኔት ወደሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና ነው። ውጭ አገር ዘመድ ያላቸው ወዳጆቼ ስለዚህ ሕክምና ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ የማውቀውን ላካፍል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሕክምናው ‹‹ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ›› ይባላል። በአማርኛ የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ልንለው እንችላለን። ከመሥራቾቹ ዋነኛው በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሳይካትሪስት አሮን ቤክ ናቸው። ቤክ በ1960ዎቹ ድብርት ያለባቸውን ሕሙማን ሲያዳምጡ፣ በሰዎቹ አእምሮ ውስጥ ሳይጠሩ ብልጭ የሚሉ፣ ስለ ራስ፣ ስለ ዓለምና ስለ ነገ የሚያጨልሙ ሐሳቦች እንዳሉ አስተዋሉ። ሕክምናቸውም እነዚህን ሐሳቦች ይዞ መመርመርና በተግባር መፈተን ሆነ። ቤክ በ2021 በ100 ዓመታቸው አርፈዋል።

የእኔ ችግር ፓኒክ አታክ፣ ማለትም ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት ነበር። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዴቪድ ክላርክ በ1986 እንዳብራሩት ነገሩ ክብ ሆኖ ይዞራል። ልብ በድካም ወይም በቡና ምክንያት ትንሽ ፈጠን ይላል፤ ሰውየው ‹‹ልቤ ሊቆም ነው›› ብሎ ይተረጉመዋል፤ ፍርሃቱ አድሬናሊን ይረጫል፤ ልብ ይበልጥ ይመታል፤ እሱም ትርጉሙ እውነት መሆኑ የተረጋገጠ ይመስለዋል። ከባቡሩ ሲወርድ ይቀለዋል፣ ስለዚህ ያዳነው መውረዱ ይመስለዋል። እኔን በበረዶ ያስኬደኝ ይኸው ነው።

ሕክምናው አሥር ሳምንት ፈጀ። በየሳምንቱ በምስጢር ቁጥር ገብቼ አንድ ምዕራፍ አነባለሁ፣ የቤት ሥራ እሠራለሁ፣ ሳይኮሎጂስቷም በጽሑፍ ትመልስልኛለች። በቪዲዮ አንድም ቀን አልተያየንም። የቤት ሥራው ደረጃ በሩጫ መውጣት፣ በቀጭን ስትሮው መተንፈስ፣ በሚሽከረከር ወንበር ላይ መዞር ነበር። ዓላማው የምፈራውን ስሜት ሆን ብዬ ቀስቅሼ እንደማይገድለኝ ማየት ነው። በኋላም ባቡር፤ መጀመሪያ አንድ ፌርማታ፣ ከዚያ ሦስት። (ጎረቤቴ ደረጃው ላይ ስሮጥ አይታኝ ለውድድር የምዘጋጅ መስሏት ነበር። ኢትዮጵያዊ ነኝና አልፈረድኩባትም።)

የከበደኝ ሩጫው ሳይሆን ሰንጠረዡ ነው። ፍርሃቱ ሲመጣ ‹‹ያን ጊዜ ምን አሰብክ?›› የሚል ዓምድ አለው። ሦስት ሳምንት ሙሉ በእንግሊዝኛ ‹‹የምሞት መሰለኝ›› ብዬ ሞላሁ። በአራተኛው ሳምንት፣ ባቡር ውስጥ እንደተቀመጥኩ፣ በስልኬ ላይ በአማርኛ ጻፍኩት። የወጣው ሌላ ነገር ነበር፤ ‹‹እዚህ ብሞት ማን ያውቃል? ሬሳዬን ማን ይልካል? ለእናቴ ማን ያረዳታል?›› የፈራሁት ሞትን ብቻ ሳይሆን በሰው አገር መሞትን ኖሯል። ይህን ለሳይኮሎጂስቷ ለማስረዳት ሦስት አንቀጽ ጨረስኩ። አማርኛ የሚያውቅ ባለሙያ በአንድ መስመር ይረዳኝ ነበር።

መልሷ ግን ዛሬም ከአእምሮዬ አልጠፋም። ‹‹ልብህ ይቆማል የሚለውን ፈትነነዋል፣ ስህተት ነው። የእናትህን ስልክ እዚህ አገር የሚያውቅ ሰው አለ ወይ የሚለውስ?›› አለችኝ። ማንም አልነበረም። ስለዚህ የሳምንቱ የቤት ሥራዬ ቁጥሩን ለሁለት ሰዎች መስጠትና በከተማው የኢትዮጵያውያን እድር መመዝገብ ሆነ። ብዙዎች ይህን ሕክምና ‹‹በጎ በጎውን አስብ›› የሚል ምክር አድርገው ያዩታል። ነገር ግን የተዛባው ሐሳብ ይፈተናል እንጂ አይሸፋፈንም፤ እውነተኛው ችግር ደግሞ መፍትሔ ይፈለግለታል።

በኢንተርኔት መሰጠቱ ሕክምናውን ያረክሰዋል ወይ? በ2018 የታተመ፣ 20 ጥናቶችን ያጠቃለለ ግምገማ በባለሙያ እየታገዘ በኢንተርኔት የሚሰጠው ሕክምና ፊት ለፊት ከሚሰጠው ጋር ተመጣጣኝ ውጤት እንዳለው አሳይቷል። ‹‹በባለሙያ እየታገዘ›› የሚለው ግን ይሰመርበት። በ2015 በእንግሊዝ በ691 የድብርት ሕሙማን ላይ የታተመ ጥናት፣ ኮምፒውተሩን ሰጥቶ በስልክ መጠነኛ ድጋፍ ብቻ ማድረግ ከተለመደው የጠቅላላ ሐኪም ክትትል የተሻለ ውጤት አለማምጣቱን አረጋግጧል። ክፍያ ስትጠየቁ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ‹‹የቤት ሥራዬን ማን ያነባል?›› ይሁን።

ታዲያ አዲስ አበባ ካለ ባለሙያ ጋር በቪዲዮ መገናኘት አይሻልም? ለቋንቋው እጅግ ይሻላል። ሆኖም ሕጉን ማየት ያስፈልጋል። በአሜሪካ በአጠቃላይ የሚታየው ታካሚው የተቀመጠበት ስቴት ፈቃድ ነው፤ የአዲስ አበባ ፈቃድ እዚያ አይሠራም፣ ኢንሹራንስም አይከፍልበትም። ስለዚህ መጀመሪያ በሚኖሩበት አገር ፈቃድ ያለውና አማርኛ የሚናገር ባለሙያ መፈለግ ይገባል። ካልተገኘ እንደ እኔ ሐሳቡን በአማርኛ ጽፎ ለባለሙያው መተርጎም ይቻላል፤ አድካሚ ቢሆንም ያዋጣል።

በቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር የሄዱት እህቶቻችን ጉዳይ ሌላ ነው። በር የሚዘጋ ክፍል የሌላትን፣ ስልኳ በአሠሪዋ እጅ ያለን ሴት ‹‹በየሳምንቱ ግቢና አንብቢ›› ማለት ፌዝ ነው። ቢሆንም የሚቻል ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ‹‹ስቴፕ ባይ ስቴፕ›› የተባለውን አምስት ክፍል ያለው የስልክ ፕሮግራም አዘጋጅቶ፣ ልዩ ሐኪም ባልሆኑ የሠለጠኑ ረዳቶች ድጋፍ በሊባኖስ በሶርያውያን ስደተኞች ላይ ሲሞከር የድብርት ምልክታቸው ቀንሷል። ማካው ላሉ ፊሊፒናውያን የቤት ሠራተኞችም ይኸው ፕሮግራም ከቋንቋቸውና ከኑሯቸው ጋር ተስማምቶ ተዘጋጅቷል። ለእኛ ሴቶች በአማርኛና በኦሮምኛ ተዘጋጅቶ ከመሄዳቸው በፊት ስልካቸው ላይ ቢጫን የምመኘው ነው።

ይህ መንገድ ለሁሉም አይሆንም። ሌላ የማይሰማውን ድምፅ ለሚሰማ፣ ለቀናት ሳይተኛ በኃይል ለሚቅበጠበጥ ወይም ራሱን ለማጥፋት ለሚያስብ ሰው የሳምንት መልዕክት አይበቃም። ርቀት ላይ ያለ ባለሙያም የታካሚውን አድራሻና በአቅራቢያው ያለ የአንድ ሰው ስልክ ከመጀመሪያው ቀን መያዝ አለበት፤ ካልጠየቃችሁ ራሳችሁ ስጡት። አደጋ ሲኖር በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ በአሜሪካ ከ2022 ጀምሮ ራስን ለማጥፋት ለሚያስቡ ሰዎች በተከፈተው 988 ይደወላል። ከአዲስ አበባ ሆናችሁ የምትጨነቁ ከሆነ ግን እነዚህን ቁጥሮች ከዚህ ብትደውሉ እዚያ ላያደርሷችሁ ስለሚችሉ፣ እዚያው ከተማ ያለ ሰው በሩን ሄዶ እንዲያንኳኳ አድርጉ።