ያቺ ዲስክ አሁንም ትሠራለች

ሜዳ ላይ ቦታ ያጣን ልጆች ቦታ ያገኘነው ፕሌይስቴሽን ቤት ነበር። ጠባብ ክፍል፣ አግዳሚ ወንበር፣ ጀርባው የወፈረ ቴሌቪዥን። ሕጉም አንድ ብቻ፦ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ይነሳል! ጨዋታውን እኛ «ፔስ» ስንለው ታላላቆቻችን «ዊኒንግ ኢለቨን» ይሉት ነበር። በዚህም ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀናል! ለካ ሁላችንም ልክ ነበርን።

ነገሩ የሚጀምረው ጃፓን ነው። ኮናሚ ዊኒንግ ኢለቨንን ለመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው (ከዚህ በኋላ ያሉትንም ዓመታት በዚያው አቆጣጠር ያዙልን)። ያኔ የያዘው የጃፓኑን ጄ ሊግ ነበር። አውሮፓ ሲሻገር ስሙ ተቀየረ፤ በ1999 «አይ ኤስ ኤስ ፕሮ ኢቮሉሽን» ሆነ፣ በ2001 ደግሞ ፕሌይስቴሽን 2 ላይ «ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር» ተባለ። ፔስ የምንለው እሱን ነው።

ችግሩ ስም ነበር። የፊፋን ስም የያዘው ተፎካካሪው ኢኤ ነው። ኮናሚ የብዙ ክለቦችና ተጫዋቾች ፈቃድ ስላልነበረው ሮቤርቶ ካርሎስን «ሮቤርቶ ላርኮስ»፣ ሊቨርፑልን «መርሲሳይድ ሬድ»፣ ማንቸስተር ሲቲን «ማን ብሉ» እያለ ያልፍ ነበር። ትዕግሥት ያለው ልጅ ቁጭ ብሎ ስሞቹን አንድ በአንድ ያርምና ሜሞሪ ካርድ ላይ ያስቀምጣል። ያ ካርድ የጠፋ ቀን ለቅሶ ነው!

ታዲያ ስም ሳይኖረው ለምን ወደድነው? ኳሱ እግር ላይ ስላልተጣበቀ ነው። ኳስ ክብደት ነበረው፤ ፓስ ይበላሻል፣ ተከላካይ ይዘገያል፣ ጎል በሥራ ይገኛል። ተጫዋቹም ከነባሕርዩ ነበር። በፔስ 5 እና 6 የአድሪያኖን ግራ እግር የቀመሰ በረኛ ምስክር ነው። ማስተር ሊግ ላይ ደግሞ ካስቶሎ፣ ሚናንዳና ኢቫሮቭ የሚባሉ ፈጽሞ ያልተፈጠሩ ሰዎች ነበሩ። እኛ ግን ከእውነተኞቹ እኩል እናውቃቸዋለን።

ከዚያ ማሽኑ ተቀየረ። ፕሌይስቴሽን 3 በ2006 ወጣ፤ በ2007 የመጣው ፔስ 2008 ግን በአዲሱ ማሽን ላይ እየተንቀጠቀጠ ሄደ። ጉልበቱ ጨምሮ ጨዋታው ቀነሰ። ፊፋ በበኩሉ በነዚያው ዓመታት ኳሱን አስተካክሎ አለፈው። የሚገርመው ደግሞ ኮናሚ የቻምፒየንስ ሊግን ፈቃድ ያገኘው በ2008 ነው፤ በእጁ እስከ 2018 ቆየ። ስሙ ሲመጣ ኳሱ ሄደ ማለት ነው።

አሮጌው ማሽን ግን እንቢ አለ። ከ150 ሚሊዮን በላይ የተሸጠው ፕሌይስቴሽን 2 ምርቱ በ2013 መጀመሪያ ቆመ። ፔስ 2014 ደግሞ በዚያው ዓመት መጨረሻ ለዚሁ ማሽን ወጣ! አዲስ ለተወለደው ፕሌይስቴሽን 4 ግን አልተሠራም። ኮናሚ ብዙኃኑ የት እንደተቀመጠ ያውቅ ነበር ብንል አንሳሳትም።

በ2021 ፔስ የሚለው ስም ቀረና «ኢፉትቦል» ተተካ፤ ነፃ ሆኖ፣ በኢንተርኔት። ሲወጣ ማስተር ሊግ አልነበረውም፤ የተጫዋቾቹ ፊት ደግሞ ለሳምንታት መሳቂያ ሆነ። ቆይቶ ተስተካክሏል። ኢኤ በ2023 የፊፋን ስም ሲተው ደግሞ ፊፋ በ2024 የኤሌክትሮኒክ ዓለም ዋንጫውን ያካሄደው በኮናሚው ጨዋታ ነው። ስም አጥቶ የኖረው ልጅ በመጨረሻ ባለስሙ ራሱ መጣለት!

እኛን የሚያሳስበን ግን ሌላ ነው። የፔስ 6 ዲስክ ያለው ሰው ዛሬም አውጥቶ፣ በከነቴራው ጫፍ ጠረግ አድርጎ መጫወት ይችላል። የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። የዛሬው ጨዋታ ግን ያለው ኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው፤ ሰርቨሩ የተዘጋ ዕለት አብሮ ይዘጋል። የዛሬ ሃያ ዓመት የአሁን ልጆች ልጅነታቸውን ከየት መሳቢያ ያወጡታል?

ስለዚህ ቤታችሁ የተጫጫረች ዲስክ ካለች አትጣሏት። ጆይስቲኩንም አቀብሉን፤ የተሸነፈ ይከፍላል።