የሴንገኒድ ደወል

ጥቅምት 4 ቀን 1906 ዓ.ም. ጠዋት ሁለት ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑ ነው ኦክቶበር 14 ቀን 1913፣ በደቡብ ዌልስ ሴንገኒድ በምትባል መንደር የዩኒቨርሳል የድንጋይ ከሰል ማዕድን ፈነዳ። 439 ሠራተኞችና ሊያድናቸው የገባ አንድ ሰው አለቁ። በብሪታንያ የማዕድን ታሪክ ይህን ያህል ነፍስ የቀጠፈ ሌላ አደጋ የለም። ያው ጉድጓድ ከ12 ዓመት በፊት፣ በ1901፣ 81 ሰዎች በልቶ ነበር።

ሐሳቤን አልለቅ ያለው ግን የሙታኑ ብዛት ብቻ አይደለም፤ የተጠረጠረው ገዳይ ነው። ገዳዩ ደወል ነበር።

በመሬት ሥር በሚዘልቀው የጋሪ መንገድ ዳር ሽፋን የሌላቸው ሁለት ሽቦዎች ተዘርግተዋል። ሠራተኛው ጋሪው እንዲቆም ወይም እንዲንቀሳቀስ ሲሻ ሽቦዎቹን ያነካካል፤ ከሞተሩ ዘንድ ደወል ያቃጭላል። ኃይሉ ከባትሪ የሚመጣ፣ እጅ እንኳ የማይነዝር ስለነበር ብዙዎች አልፈሩትም። ዳሩ ግን ሽቦዎቹ ሲለያዩ በደወሉ ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ ያከማቸውን ኃይል በቅጽበት ይለቅቀዋል፤ ብልጭ ይላል። ከከሰሉ የሚወጣው ሚቴን ደግሞ ከአየሩ ከመቶ 5 እስከ 15 ያህሉን ከያዘ፣ አንድ ሚሊጁል እንኳ ያልሞላ ብልጭታ ሊያቀጣጥለው ይችላል። የቀረውን የሚጨርሰው በፍንዳታው የተነሣው የከሰል ብናኝ ነው፤ እሳቱን ከዋሻ ወደ ዋሻ ያደርሰዋል። መርማሪዎቹ መንስኤው ደወሉ ነው ብለው በእርግጠኝነት መደምደም አልቻሉም። ጥርጣሬው ግን ቀረ።

ፍርዱን ሳነብ የባንክ ሠራተኛነቴ ይነሣብኛል። የማዕድኑ ሥራ አስኪያጅ ደንብ በመተላለፍ 24 ፓውንድ ተቀጣ። ፓውንዱ በዚያ ዘመን 240 ፔኒ ነበርና ለ439 ሲካፈል የአንድ ሰው ሒሳብ ከ13 ፔኒ እምብዛም አይዘልም። ይህን ሒሳብ የዘመኑ ጋዜጣም ሠርቶት ነበር።

እስከዚያ ድረስ የታወቀው መላ ብልጭታን በወፍራም የብረት ሣጥን መዝጋት ነበር። በእጅ ሊነካ የተዘረጋን ሽቦ ግን በምን ሣጥን ይዘጉታል? ከአደጋው በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ዊለርና ቶርንተን የተባሉ ተመራማሪዎች ጋዝን የሚያቀጣጥለው ብልጭታ ምን ያህል ኃይል እንደሚሻ አጠኑ። የኮረንቲው ፍሰት ቢገደብ፣ የጥቅል ሽቦውም ትርፍ ኃይል በጎኑ በታሰረ ሬዚስተር ቢዋጥ፣ ደወሉ እየጮኸ ብልጭታው ይመክናል። እኛ ግጥም ሞካሪዎች እሳትን ማግነን እንወዳለን፤ እነርሱ ደግሞ እሳትን የማሳነስ ጥበብ ጀመሩ።

ያ ሐሳብ ውሎ አድሮ ከማዕድን ወጥቶ ነዳጅ ማጣሪያና ኬሚካል ፋብሪካ ገባ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የተስፋፋው ዜነር ባሪየር የዚያው ዘር ነው። አደጋ በሌለበት ክፍል ተቀምጦ፣ ጋዝ ወዳለበት ሥፍራ ለተተከለው የሙቀት ወይም የግፊት መለኪያ ኃይል እየመጠነ ይልካል። ቮልቴጅ ከልኩ ሲያልፍ ዳዮዱ ትርፉን ወደ መሬት ያፈሰዋል፤ ሬዚስተሩ ፍሰቱን ይገድባል፤ ብልሽቱ ከቀጠለ ፊውዙ ይቃጠላል። በጋዙ መካከል ሽቦው ቢበጠስ እንኳ ብልጭታው ለማቀጣጠል አቅም ያንሰዋል፤ የመሬት መስመሩ በደንብ የታሰረ እንደሆነ።