ሴት ለሴት፦ የማህፀን ካንሰር ሕክምና እና የእናቶቻችን የመደጋገፍ ታሪክ

ዛሬ ስለ መድኃኒትና ስለ ምርመራ ብቻ አላወራም፤ ትንሽ ታሪክ ላጫውታችሁ ነው። ታሪኩ ከጤናችሁ ጋር የተያያዘ ስለሆነ እስከ መጨረሻው አንብቡት። በተለይ በወረኢሉ፣ በመካነ ሰላም፣ በአቀስታ፣ በከለላና በወግዲ ያላችሁ እናቶችና አባቶች፣ ይህ ጽሑፍ የእናንተ ነው።

ከወረኢሉ እንጀምር

ወረኢሉ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የ1888ቱን የክተት አዋጅ ነው። ዐፄ ምኒልክ የሸዋን ሠራዊት በጥቅምት ወረኢሉ ላይ እንዲገናኛቸው ቀጠሩት፤ ጦሩም ከዚያ ተነሥቶ ወደ ዓድዋ ዘለቀ። ስለዚያ ዘመቻ ስንተርክ ብዙ ጊዜ የምናነሣው ጠመንጃና ጎራዴ የያዘውን ነው። ነገር ግን ከሠራዊቱ ጋር ብዙ ሴቶች ዘምተዋል፤ ስንቅ አዘጋጅተዋል፤ በውጊያው ዕለትም በእቴጌ ጣይቱ አስተባባሪነት ውኃ እያመላለሱ የተጠማውን አጠጥተዋል፤ ቁስለኛውን ረድተዋል።

ይህን ያነሣሁት ለጌጥ አይደለም። በአገራችን ሐኪም ባልነበረበት ዘመን የታመመን ሰው ሕይወት ያቆየው በአብዛኛው የሴት እጅ መሆኑን ለማስታወስ ነው። በወሎ ገጠር አራስ የምትታረሰው በጎረቤት ነው። የታመመ ሰው በቃሬዛ የሚወጣው በሰፈሩ ሰው ትከሻ ነው። ሐዘን ሲመጣ ሸክሙን የሚያነሣው ቅሬው ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ሲቀባበር፣ በአንድ ጀበና ቡና ሲጠራራ ኖሯል። እንዲህ የሚደጋገፍ ሕዝብ ግን አንድ በሽታ ሲመጣ ዝም ይላል፤ የማህፀን ካንሰር።

ዝምታው ከየት መጣ?

አንደኛው ምክንያት የቦታው ጉዳይ ነው። ሴት ልጅ ስለ ማህፀንዋ፣ ከማህፀንዋ ስለሚወጣው ደምና ፈሳሽ በአደባባይ እንዳታወራ ተደርጋ ነው ያደገችው። ሽታ ያለው ፈሳሽ ሲጀምራት ከሰው ትርቃለች። ቡና ስትጠራ አትሄድም። የሰፈሩ ሴቶች «ኮራች» ይሏታል እንጂ ታመመች አይሉም።

ሁለተኛው ምክንያት ስሙ ነው። አባቶቻችን ካንሰርን «ነቀርሳ» ይሉታል። ሳንባን የሚያጠቃውን ቲቢንም «የሳንባ ነቀርሳ» ብለው ጠሩት። ሁለቱ በሽታዎች አንድ ስም በመጋራታቸው ብዙ ሰው ካንሰርንም እንደ ቲቢ ተላላፊ አድርጎ ፈራው። በዚህ የተነሣ ዕቃ የተለየባት፣ መኝታ የተለየባት፣ ልጅ እንዳትስም የተከለከለች ሴት ብዙ ናት። እውነቱ ግን ሌላ ነው፦ ካንሰር በትንፋሽ፣ በመብል፣ በመተቃቀፍ፣ በመኝታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። ሕዝቡ «የማህፀን ካንሰር» ብሎ በአንድ ስም የሚጠራው በዋናነት ሁለት በሽታ ነው። አንደኛው የማህፀን በር ካንሰር ነው፤ በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው ይህ ነው። መነሻው ኤችፒቪ የተባለ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ በግንኙነት ይተላለፋል፤ ካንሰሩ ግን አይተላለፍም። ቫይረሱ ከያዛቸው ሴቶችም አብዛኞቹ በራሱ ይለቃቸዋል። ሁለተኛው የማህፀን ግድግዳ ካንሰር ነው። ይህ በብዛት የሚመጣው የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ነው፤ ከመጠን ያለፈ ውፍረትና የስኳር ሕመም ያጋልጣሉ።

አንድ ማሽን ለአንድ አገር

አሁን ወደ ሕክምናው ታሪክ እንሂድ። የማህፀን በር ካንሰር ገና ሲጀምር ከተደረሰበት በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ከማህፀን በር አልፎ ከተስፋፋ ግን ዋናው ሕክምና ጨረር ነው፤ ከጎኑም ኬሞ ይሰጣል።

በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ድጋፍ ነው። ማሽኑ ኮባልት 60 በተባለ ንጥረ ነገር የሚሠራ ነበር። ከዚያ በኋላ ለ20 ዓመት ያህል የአገሩ ሁሉ የጨረር ማዕከል ያ ብቻ ነበር። ከመካነ ሰላምም ከጅግጅጋም ከጋምቤላም የሚመጣው ታካሚ ወረፋ የሚይዘው እዚያው ነው። በዚያ ላይ ኮባልት ኃይሉ በየ5 ዓመት ከ3 ወሩ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ማሽኑ ባረጀ ቁጥር አንዷ ታካሚ የምትተኛበት ደቂቃ ይረዝማል፣ ወረፋውም አብሮ ይረዝማል። ወረፋ በመጠበቅ ላይ ሳሉ ካንሰሩ ደረጃውን የጨመረባቸው እናቶች ነበሩ።

እስቲ በዚያ ዘመን ከመካነ ሰላም የተነሣችን አንዲት እናት እናስብ። በአቀስታ፣ በጉጉፍቱ ብርድ አድርጋ ደሴ ትደርሳለች። ከደሴ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራታል። ጥቁር አንበሳ ስትደርስ የምትሰማው ነገር ያስደነግጣል፦ ጨረሩ በሳምንት 5 ቀን፣ ለ5 ሳምንት ገደማ ይሰጣል። በየቀኑ የሚወስደው ጊዜ ግን ደቂቃዎች ብቻ ስለሆነ አልጋ አይሰጣትም። ታክማ ትወጣለች፣ ነገ ትመለሳለች።

ታዲያ ማታ የት ትደር? ምን ትብላ? አዲስ አበባ ዘመድ የላትም። ባለቤቷ አዝመራ ጥሎ አይመጣም፤ ቢመጣም ገንዘቡ የሚበቃው ለሳምንት ነው። በዚህ ምክንያት ሕክምናዋን ከመሀል አቋርጣ የምትመለስ እናት ነበረች። ጨረር ደግሞ በተቆራረጠ ቁጥር የማዳን ኃይሉ ይቀንሳል። ስለዚህ ማደሪያ ማለት ለዚህች ሴት ምቾት ብቻ ሳይሆን የሕክምናዋ አንድ ክፍል ነው።

የታከመችው አስታማሚ ስትሆን

መፍትሔው ከየት መጣ? ታሪኩ ከካንሰር ሕክምና በፊት ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1959 ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ለመሥራት ከአውስትራሊያ መጡ። ያገኟቸው ፊስቱላ ያለባቸውን ሴቶች ነበር፤ በረዘመ ምጥ ምክንያት ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ያቃታቸው፣ በሽታው ከባልም ከጎረቤትም የለያቸው። በ1974 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን አቋቋሙ።

በዚያ ሆስፒታል የታየው ትልቅ ነገር ቀዶ ሕክምናው ብቻ አይደለም። የዳኑት ሴቶች ተመልሰው አስታማሚ ሆኑ። አዲስ የምትመጣዋን ታማሚ በር ላይ የምትቀበላት፣ ልብሷን የምትቀይርላት፣ «እኔም እንዳንቺ ነበርኩ» የምትላት ራሷ ያንን መንገድ ያለፈች ሴት ነች።

ከእነዚህ ሁሉ የምትታወቀው ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ናቸው። በ1950ዎቹ በመጀመሪያ ምጣቸው ለቀናት ተሠቃይተው፣ ልጃቸውን አጥተው፣ ፊስቱላ ይዟቸው መጡ። ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። ሲሻላቸው አልጋ ማንጠፍ ጀመሩ፤ ከዚያ በቀዶ ክፍል መሣሪያ አቀባይ ሆኑ፤ በመጨረሻም ራሳቸው ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ፣ ሐኪሞችን የሚያሠለጥኑ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1989 የእንግሊዝ የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ኮሌጅ ከሐምሊን ቤተሰብ ጋር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለማቸው።

ፊስቱላና የማህፀን በር ካንሰር የተራራቁ አይደሉም። ካንሰሩ ሲገፋ፣ አንዳንዴም ከጨረር በኋላ፣ ፊስቱላ ሊያስከትል ይችላል። ሽታው፣ መገለሉ፣ ከባል መለየቱ ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ በፊስቱላ የሠራው መንገድ፣ ማለትም ያለፈችበት ሴት የገባችበትን መርዳቷ፣ ለካንሰርም ይሠራል። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1952 ቴሬስ ላሰር የተባለች ጡቷ በቀዶ ሕክምና የወጣላት ሴት ሌሎች ታካሚዎችን አልጋቸው ድረስ እየሄደች መጠየቅ ጀመረች፤ ሥራዋ ከጊዜ በኋላ ወደ ብዙ አገር ተዛምቷል።

አገር ቤት ደግሞ አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው ወይዘሮ አምሳለ በየነ አሉ። ሕፃን ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር አጡ። በ1996 ዓ.ም. በስሙ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ማኅበርን መሠረቱ። ማኅበሩ ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ ከክልል ለሚመጡ አቅም የሌላቸው የካንሰር ታማሚዎች በአዲስ አበባ ማረፊያና ምግብ መስጠት ነው። «ማታ የት ትደር?» ለሚለው ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች አንዱ ይህ ነው። አንድ ጣራ ሥር የሚያድሩ ታማሚዎች ደግሞ የሚጋሩት እንጀራ ብቻ አይደለም። ጨረር የጨረሰችው ገና ለምትጀምረው «ተቅማጡ ያልፋል፣ ድካሙ ይለቃል፣ ውኃ አብዢ» ትላታለች። እኛ ሐኪሞች ይህንኑ ብንናገርም ያለፈችበት ሴት ስትናገረው ይበልጥ ይታመናል።

ዛሬ ምን ተለወጠ?

ብዙ ነገር ተለውጧል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ሴት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ተመድበዋል፤ ሴት ለሴት በቤቷ ሄዳ የምትናገርበት በር ተከፍቷል። በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ የእኛው ደቡብ ወሎ ተሁለደሬ ነበር። ጨረርም ዛሬ በአዲስ አበባ ብቻ አይደለም፤ ጅማና ሐረር አዳዲስ ማሽኖች ገብተዋል። ደሴ ላይ የነበረው ሆስፒታል በ2014ቱ ጦርነት ክፉኛ ተጎድቶ ነበር፤ ሕክምና ሲቋረጥ ምን እንደሚመስል የወሎ ሰው በዓይኑ አይቷል። ከዚያ ወዲህ ሆስፒታሉ እንደገና ቆሞ ያክማል።

ለወላጆች ትልቁ ለውጥ ክትባቱ ነው። የኤችፒቪ ክትባት በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀመረ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጃገረዶች በአንድ ጊዜ መርፌ ተሰጥቷል። ክትባቱ መካን አያደርግም። እናንተ ወላጆች፣ ልጃችሁ ካልተከተበች ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ጠይቁ።

እኛስ ምን እናድርግ?

ምልክቱን እንወቅ፦ የወር አበባ ከቆመ በኋላ የመጣ ደም ጠብታም ቢሆን፣ ከግንኙነት በኋላ የሚታይ ደም፣ በወር አበባ መሀል የሚመጣ ደም፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ የማይለቅ የታችኛው ሆድና የወገብ ሕመም። እነዚህ ሁሉ ካንሰር ናቸው ማለት አይደለም፤ ግን መታየት አለባቸው።

ሳይታመሙ እንመርመር፦ ዕድሜያችሁ ከ30 እስከ 49 የሆነ እናቶች የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ አድርጉ። ቫይረሱ (ኤችአይቪ) በደማቸው ያለ እናቶች ቀደም ብለው ይጀምራሉ። ምርመራው አጭር ነው፤ ችግር ከተገኘ ብዙ ጊዜ እዚያው በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ይታከማል። ይህ ምርመራ የማህፀን ግድግዳ ካንሰርን እንደማያሳይ ግን አትርሱ፤ ለእሱ ማስጠንቀቂያው ደሙ ነው። አብራችሁ ሂዱ። አንዷ ብቻዋን ከምታፍር ሦስት ጎረቤት ተጠራርቶ መሄድ ይቀላል።

ጎረቤታችን ከታመመች እንደ አራስ እንያት፦
- ወደ ትልቅ ሆስፒታል ስትሄድ የሪፈር ወረቀቷንና የጤና መድን መታወቂያዋን መያዟን አረጋግጡ። ያለ ሪፈር ከሄደች መድኑ ላይሸፍንላት ይችላል።
- የባዮፕሲ ውጤቷን አንድ ላይ አድርጋችሁ በፌስታል ቋጥሩላት፤ አይጥፋ።
- ቅሬው የሚሰበስበው ለቀብር ብቻ አይሁን። ለትራንስፖርቷ አሁን ብታዋጡ ለለቅሶ ከምታዋጡት ይበልጣል።
- ልጆቿን አብሉ፣ ላሟን እለቡ፣ እህሏን በደቦ አንሡ። ሐሳቧ ቤቷ ከሆነ ሕክምናውን ታቋርጣለች።
- ብዙ ደም ለፈሰሳት እህት ደም ለግሱ።
- ጸሎቱም ዱዓውም ጠበሉም ይቀጥል፤ ቀጠሮዋን ግን አያስቀራት።

ስትመለስ አትሽሿት፦ ከውጭ በማሽን የሚሰጥ ጨረር ሰውነቷ ውስጥ አይቀርም፤ ልጇን ብታቅፍ አትጎዳውም። ድካም፣ የሽንት ማቃጠል፣ የማህፀን መንገድ መድረቅና መጥበብ፣ የወር አበባ ቀድሞ መቆም ሊገጥማት ይችላል። ለእነዚህ ሁሉ እርዳታ አለና ለሐኪሟ እንድትናገር አደፋፍሯት። ባለቤቶችም፣ ሚስቶቻችሁ ይህን ጊዜ የሚያልፉት በእናንተ ትዕግሥት ነው።

ሕክምናውን የጨረስሽ እህቴ ደግሞ፣ ከአንቺ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በሰፈርሽ ቡና የቀረች፣ ከሰው የራቀች ሴት ካየሽ ሂጂና ጠይቂያት። «እታለም፣ እኔም እንዳንቺ ነበርኩ» በያት። እኛ በክሊኒክ ሆነን የማንደርስባት ሴት ጋ አንቺ በእግርሽ ትደርሻለሽ።

ጽሑፉ ይጠቅማታል ለምትሏት እናት አንብቡላት። ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ምልክት ያላችሁ ግን መልሴን ሳትጠብቁ ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ጤና ይብዛላችሁ!