የዳቢዬ–ሱሉ እጅግ ከፍተኛ ግፊት ልውጥ አለቶች ቀጠና

ምንነቱ
የዳቢዬ–ሱሉ ቀጠና በምሥራቅ ቻይና የሚገኝ፣ ሁለት አህጉራዊ አካላት በመጋጨታቸው የተፈጠረ የልውጥ አለቶች (ሜታሞርፊክ አለቶች) ቀጠና ነው። የዳቢዬ ተራሮች በአንሁይ፣ በሁቤይና በሄናን ግዛቶች ወሰን ላይ ይገኛሉ፤ ሱሉ ደግሞ በጂያንግሱና በሻንዶንግ ግዛቶች ይዘረጋል። ሁለቱን ክፍሎች ታን-ሉ የተሰኘው ታላቅ የመሬት ስንጥቅ አራርቋቸዋል።

አፈጣጠሩ
ከ240 እስከ 220 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የደቡብ ቻይና አህጉራዊ አካል ከሰሜኑ ጋር ተጋጨ። በመካከላቸው የነበረው የውቅያኖስ ወለል ወደ ጥልቀት ሲሰምጥ የደቡቡን አህጉር ጠርዝ አብሮ ጎተተው። ጠርዙ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ጥልቀት ሲደርስ፣ በውስጡ የነበሩት ባዛልታዊ አለቶች ቀይ ጋርኔትና አረንጓዴ ኦምፋሳይት ወደያዘ ኤክሎጋይት የተባለ ከባድ አለት ተለወጡ። አህጉራዊው ቅርፊት ከማንትል ይልቅ ቀላል በመሆኑ፣ ከሰመጠው የውቅያኖስ ወለል ሲላቀቅ ተመልሶ ወደ ላይ ወጣ። በላዩ የነበረው አለት ተሸርሽሮ ሲያልቅም ለእይታ በቃ።

ማስረጃው
አህጉራዊ ቅርፊት ቀላል ስለሆነ ወደ ማንትል ሊሰምጥ አይችልም ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። ይህን እምነት የለወጠው ኮይሳይት የተባለው ማዕድን ነው። ኮይሳይት ይዘቱ እንደ ኳርትዝ ሲሆን፣ በመሬት ውስጥ የሚፈጠረው ግን 90 ኪሎ ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ጥልቀት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በአልፕስ ተራሮችና በኖርዌይ፣ በ1989 ደግሞ በዳቢዬ አለቶች ውስጥ መገኘቱ ይፋ ሆነ። አለቱ ወደ ላይ ሲወጣ አብዛኛው ኮይሳይት ወደ ኳርትዝ ይመለሳል፤ በጠንካራ ጋርኔት ውስጥ ታሽጎ የቆየው ግን ሳይለወጥ ይቀራል። በ1992 በዚሁ ቀጠና ጥቃቅን አልማዞች መገኘታቸውም ተገለጸ።

ጠቀሜታው
በሱሉ፣ ዶንግሃይ በተባለ ስፍራ፣ ከ2001 እስከ 2005 በተካሄደ ሳይንሳዊ ቁፋሮ 5,158 ሜትር ጥልቀት ተደርሷል። በኤክሎጋይቱ ውስጥ የሚገኘው ሩታይል የታይታንየም ምንጭ ነው። በአንጻሩ አልማዞቹ በማይክሮስኮፕ የሚታዩ ጥቃቅን በመሆናቸው ለጌጥ አያገለግሉም፤ ስለዚህ በአለት ውስጥ አልማዝ መገኘቱ ብቻውን የሚመረት ሀብት መኖሩን አያመለክትም።

ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ተያያዥነት
እስከ ደቡብ ኢትዮጵያ የሚዘልቀው የሞዛምቢክ ቀጠናም ከ650 እስከ 550 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በተካሄደ የአህጉራት ግጭት የተፈጠረ ነው። የአዶላ ወርቅም የሚገኘው በልውጥ አለቶች ውስጥ ነው። በመሆኑም አለቶቹ ያሳለፉትን ግፊትና ሙቀት ከማዕድናታቸው ማንበብ ለማዕድን ፍለጋ መሠረት ነው።