መልሱን የሚያነበው ማን ነው? የስብዕና መጠይቅና የምላሽ መዛባት፣ ከቡለን አንጻር

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በመተከል ዞን በቡለን ወረዳ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ «ጭንቀት በቀላሉ ያሸንፈኛል» በሚለው ዓረፍተ ነገር ላይ «በጣም አልስማማም» የሚለውን ቢያከብብ፣ መልሱ የተረጋጋ ባሕርዩን ሊያሳይ ይችላል። በኃላፊው ፊት ደካማ ላለመምሰል የተሰጠም ሊሆን ይችላል። «እስማማለሁ» ቢልስ? የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በወረዳው በኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን አስታውቆ ነበር። ያን ጊዜ ያየ ሰው ጭንቀቱን መግለጹ የደረሰበትን እንጂ ስብዕናውን ላይናገር ይችላል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ክሮንባክ እ.ኤ.አ. በ1946 ሰዎች የጥያቄው ይዘት ምንም ይሁን ምን ወደ አንድ ወገን የመመለስ ልማድ እንዳላቸውና ይህም ውጤትን እንደሚበርዝ አስረድቷል። ክራውንና ማርሎ በ1960 በማኅበረሰቡ ዘንድ የሚወደደውን የመመለስ ዝንባሌን የሚለካ ባለ 33 ዓረፍተ ነገር መጠይቅ አወጡ። ፖልሁስ በ1984 ይህን ዝንባሌ ለሁለት ከፈለው፤ ሰው ሳያውቀው ራሱን መሸንገሉና እያወቀ ለሌላው ራሱን ማሳመሩ። ለሥራ ቦታ ወሳኙ ሁለተኛው ነው፤ መጠኑ የሚወሰነው መልሱን በሚያነበውና በመልሱ በሚገኘው ወይም በሚታጣው ነገር ነውና።

ሌላው ችግር እሺ ባይነት ነው። ላጃጅና ባልደረቦቹ በ2019 ከ23 ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸው አገሮች የተሰበሰበ የ94,751 ሰዎችን መረጃ መርምረው፣ ፊት ለፊት በቃል የሚሞሉ መጠይቆች አምስቱን ዋና ዋና የስብዕና ገጽታዎች በሚገባ እንደማይለኩ አሳይተዋል። ለዚህ ከሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ መላሹ ለቀረበለት ሁሉ «አዎ» ማለቱ ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ቢሆንም በቡለን አፋቸውን በሺናሻ ወይም በጉሙዝ ቋንቋ የፈቱ ብዙዎች ናቸው። ጠያቂው ዓረፍተ ነገሩን እዚያው በቃል ሲተረጉም ማንም ያልፈተሸው አዲስ መጠይቅ ይፈጠራል። «የጀመርኩትን ሥራ አልተውም» ለሚል «አልስማማም» ብሎ መመለስማ አማርኛ አፍ መፍቻው ለሆነም ሰው ያደናግራል።

የተለመደው መፍትሔ ራሱን ያሳመረ የመሰለውን ሰው ውጤት መቀነስ ነው። እኔ አልቀበለውም። ኦንስ፣ ቪስዌስቫራንና ራይስ በ1996 ብዙ ጥናቶችን አጠቃልለው፣ እንዲህ ያለው እርማት የሥራ አፈጻጸምን የመተንበይ አቅምን እንደማያሻሽል አሳይተዋል። በትንሽ ከተማ ሁሉም እየተያየ ሲኖር፣ «ጎረቤቴን በክፉ አንስቼ አላውቅም» ያለ ሰው እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ በጨዋነቱ ነጥብ መቀነስ በደል ነው። እኩል ከሚወደዱ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አንዱን ማስመረጥ ይሻላል። ይሁንና እኩል መወደዳቸው በአሜሪካ ተማሪዎች ሳይሆን በመተከል ሰዎች መመዘን አለበት።

ከሁሉ በፊት ግን መጠይቁ ለቅጥርና ለደረጃ ዕድገት መዋል የለበትም። ለጥናት ከሆነ በክፍል ኃላፊ እጅ ባያልፍ፣ በታሸገ ፖስታ ቢሰበሰብ መልካም ነው። ስም አለመጻፍ ብቻውን አይበቃም። ጥቂት ሰዎች ባሉበት ጽሕፈት ቤት ጾታ፣ ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃና የሥራ መደብ ተደምረው ማን እንደሞላው ያጋልጣሉ። ሠራተኛው ይህን ያውቃል፤ የሚመልሰውም ይህን እያወቀ ነው። ስለዚህ ለትንተናው የማያስፈልግ የግል መረጃ ሁሉ ከመጀመሪያው ገጽ ይውጣ።