«ፐብ» ስለሚባለው ቃልና ስለ ቤቱ

የእንግሊዝኛው «ፐብ» ብዙ ጊዜ በአማርኛ «መጠጥ ቤት» ተብሎ ይተረጐማል። ፍችው ስሕተት ነው ባይባልም ጐዶሎ ነው። ቃሉ «ፐብሊክ ሀውስ» ከሚለው ሐረግ ተቈርጦ የቀረ ሲሆን፣ በጥሬው «ለሕዝብ ክፍት የሆነ ቤት» ማለት ነው። በስያሜው ውስጥ የመጠጥ ስም የለም፤ ያለው ቤት ነው። ይህም ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ታሪኩ ያስረዳል።

በመካከለኛው ዘመን በእንግሊዝ አገር ጠመቃ በአብዛኛው የሴቶች የጓዳ ሥራ ነበር። «ኤል» የተባለውን መጠጥ ጠምቃ ከቤተ ሰቧ የተረፈውን ለጎረቤት የምትሸጥ ሴት፣ በደጇ ላይ ቅጠል የታሰረበት ዘንግ ታቆም ነበር። በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ አይቶ ወደ ጠላ ቤት ጎራ ለሚል ያገራችን ሰው ይህ ምልክት አስተርጓሚ አያሻውም። ይሁን እንጂ ኤልን «ጠላ» ለማለት መቸኰል አይገባም። ሆፕ የተባለው መራራ ተክል በ15ኛው መቶ ዓመት ከባሕር ማዶ መጥቶ እስኪስፋፋ ድረስ ኤል ያለ ሆፕ የሚጠመቅ ነበር፤ በሆፕ የተጠመቀው «ቢር» ተብሎ ተለየ። ጠላ ጌሾ የሚገባበት እንደ መሆኑ መጠን፣ በዚህ ረገድ የሚቀርበው ለቢር ነው።

በ1552 እ.አ.አ. የወጣው ሕግ ኤል ሻጮች ከአካባቢው ዳኞች ፈቃድ እንዲያወጡ አዘዘ። በዚያን ዘመን ኤል የሚሸጥበት፣ ወይን የሚሸጥበትና መንገደኛ የሚያድርበት ቤት በስም የተለያዩ ነበሩ፤ «ፐብሊክ ሀውስ» የሚለው ስም ኋላ መጥቶ ሦስቱንም ጠቀለለ። ለቃሉ ጠባይ ከሁሉ ይልቅ የሚናገረው ግን የ1830 ሕግ ነው። ማንኛውም ግብር ከፋይ በዓመት ሁለት ጊኒ እየከፈለ በመኖሪያ ቤቱ ቢራ እንዲሸጥ ተፈቀደለት። ሕዝቡን ከጂን አረቄ ያርቃል የሚል ተስፋም ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች የፊት ክፍላቸውን ለጠጪ ከፈቱ፤ በ1869 ዳኞቹ ሥልጣናቸውን እስኪመልሱ ድረስ የፈቃዱ በር ሰፊ ሆኖ ቈየ። እንዲህ ባለው ቤት እንግዳው የሚቀመጠው ከሰው ሳሎን ነው ማለት ይቻላል። ጆርጅ ኦርዌል በ1946 ስለ አንድ ምናባዊ ፐብ በጻፈው መጣጥፍ ከቢራው ይልቅ የቤቱን መንፈስ ማስቀደሙ አያስደንቅም።

ቤቱ ለሁሉ ክፍት ነው ሲባል ሁሉም እኩል ይቀመጥ ነበር ማለት ግን አይደለም። ሠራተኛው በ«ፐብሊክ ባር»፣ ደኅና የለበሰው በ«ሳሉን ባር» ይለያይ ነበር፤ በኋለኛው ክፍል ዋጋውም ጨመር ይል ነበር። ከ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ግድግዳው በብዙ ቦታ ፈርሷል፤ ባለፉት አሥርት ዓመታትም ብዙዎቹ ቤቶች ራሳቸው ተዘግተዋል።

እንግሊዛዊው የሚያዘወትረውን ፐብ «ሎካል» ይለዋል፤ ቅጽሉ ስም ሆነ ማለት ነው። «የሰፈሬ ቤት» ቢባል ይቀርባል። በእኔ አስተያየት «መጠጥ ቤት» ለ«ባር» ይበቃል፤ «ፐብ» ግን በውሰት ተይዞ «የሰፈር ሰው እንደ ቤቱ የሚሰበሰብበት ቢራ ቤት» ተብሎ ቢፈታ ይሻላል። «ፐብሊካን» የሚለውም ሁለት ፍች በተራ ቍጥር ሊሰጠው ይገባል፦ 1. ቀራጭ፤ 2. የፐብ ባለቤት። በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ማቴዎስ «ፐብሊካን» ነውና፣ ቍጥሩን ያላየ ተርጓሚ ሐዋርያውን ቢራ ቀጂ እንዳያደርገው ያሰጋል።