ከጥላ ወደ ዓይን፦ የትልቁ አንጀት ደም መፍሰስ መንስኤ ፍለጋ ታሪክ



የሕክምና መሣሪያዎች ታሪክ ብዙውን ጊዜ የፈልሳፊዎች ስም ዝርዝር ሆኖ ይቀርባል። የእኔ ጥያቄ ከዚያ ይለያል። ከትልቁ አንጀቱ ደም የሚፈሰውን ሕመምተኛ የሚያክም ሐኪም «መንስኤው ይህ ነው» ለማለት የበቃው በምን ማስረጃ ነው? ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

በ1806 ፊሊፕ ቦዚኒ የተባለ የፍራንክፈርት ሐኪም በሻማ ብርሃንና በመስተዋት የሰውነትን ውስጥ የሚያሳይ መሣሪያ ይፋ አደረገ፤ የቪየና የሕክምና ፋኩልቲ ግን ፊት ነሣው። በ1895 ሃዋርድ ኬሊ በባልቲሞር ፊንጢጣንና ከእርሱ በላይ ያለውን የአንጀት ክፍል የሚያሳይ የብረት ቱቦ አስተዋወቀ። ቀጥ ያለ ብረት የአንጀትን ጥምዝምዝ ሊከተል አይችልምና ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ለዓይን ዝግ ሆኖ ቆየ።

ዝጉን ክፍል ለአሥርት ዓመታት የተረጎመው በባሪየም የሚነሣ ኤክስሬይ ነበር። ባሪየም ጥላን እንጂ ደምን አያሳይም። በዕድሜ ብዛት በአንጀት ግድግዳ ላይ የሚወጡት ዳይቨርቲኩላ የተባሉ ትናንሽ ከረጢቶች በጥላው ላይ ጎልተው ይታያሉ፤ በምዕራባውያን ዘንድ የሚበዙትም በግራ በኩል ነው። ስለዚህ አንድ አረጋዊ ሲደማና ከረጢት ሲገኝበት ጥፋቱ በከረጢቱ ላይ ይደፈደፍ ነበር። ቀዶ ሐኪሙ የግራውን አንጀት ቆርጦ ያወጣል፤ ሕመምተኛው ግን አንዳንዴ አልጋው ላይ እንዳለ እንደገና ይደማል። በእኛም አገር ከፊንጢጣ የሚወጣ ደም ሁሉ «ኪንታሮት» ሲባል እንሰማለን፤ መንገዱ ያው ነው።

በ1960ዎቹ የደም ሥሮችን በኤክስሬይ የሚያሳየው አንጂዮግራፊ መጣና ግምቱን አናጋው። ደሙ ብዙ ጊዜ የሚፈሰው ከቀኝ በኩል ሆኖ ተገኘ። በ1977 ኒውዮርክ ውስጥ ስኮት ቦሊና ባልደረቦቹ በቀኙ አንጀት ሽፋን ሥር የሰፉ ጥቃቅን የደም ሥሮችን መርምረው ከእርጅና ጋር የሚመጡ መሆናቸውን አስረዱ። ይህንኑ ዓይነት ሥር ደምተው በማያውቁ አረጋውያን አንጀት ውስጥም አገኙት። እኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህ ግኝት ነው፤ አንድ ነገር መታየቱ ብቻ መድማቱን አያረጋግጥምና።

ዓይን ራሱ አንጀት ውስጥ የገባው በመስታወት ክር ነው። ባሲል ሂርሾዊትዝና የሚሺጋን ባልደረቦቹ በ1957 ብርሃንንና ምስልን በቀጫጭን የመስታወት ክሮች የሚያስተላልፈውን ተጣጣፊ መሣሪያ ለጨጓራ ምርመራ አቀረቡ። በ1969 ዊሊያም ዎልፍና ሂሮሚ ሺንያ በኒውዮርክ በኮሎኖስኮፕ አማካይነት ፖሊፕን በሽቦ ማነቆ መቁረጥ ጀመሩ። ይሁን እንጂ ደም እየፈሰሰው ያለን ሰው በዚህ መመርመር ከንቱ ድካም ነው የሚል እምነት ሰፍኖ ነበር። ሌንሱ በደምና በሰገራ ይሸፈናላ!

መፍትሔው የመጣው ከሚጠጣ ውኃ ነው። በ1980 የዳላሱ ጆን ፎርድትራንና ባልደረቦቹ ፖሊኢቲሊን ግላይኮልንና ጨዎችን የያዘ፣ ሰውነት ብዙም ሳይመጠው አንጀትን አጥቦ የሚወጣ ፈሳሽ አቀረቡ። የታሪክ መጻሕፍት በአንድ መስመር ያልፉታል። በእኔ ግምት ግን አንጀትን በሚገባ ማጠብ ባይቻል ኖሮ ኮሎኖስኮፕ ለደም መፍሰስ ምርመራ ብዙ ባልፈየደ ነበር።

በ1988 ዴኒስ ጀንሰንና ጉስታቮ ማቺካዶ በሎስ አንጀለስ ብዙ ደም የሚፈሳቸውን 80 ሕመምተኞች አንጀታቸውን አጥበው በአስቸኳይ መረመሩ። በ74 በመቶው ደሙ ከትልቁ አንጀት ነበር፤ በ11 በመቶው ግን ከላይኛው የምግብ ትቦ ክፍል ሆኖ ተገኘ። የደም ሥር መዛባት ያደማቸው 30 በመቶ ሲሆኑ፣ ለዘመናት ሲከሰሱ የኖሩት ከረጢቶች ያደሟቸው 17 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጀንሰን «ደማ» ለማለት ምልክት ይፈልግ ነበር፦ የሚፈስ ደም፣ ራቁቱን የወጣ የደም ሥር፣ ወይም የተጣበቀ የደም ጓል።

እንዲህ ያለውን ምልክት ለማግኘት መቸኮል ያስፈልጋል ወይ የሚለው ገና አከራካሪ ነው። በ2020 በጃፓን 15 ሆስፒታሎች የታተመ ጥናት በ24 ሰዓት ውስጥ የተመረመሩትን ከዚያ ዘግይተው ከተመረመሩት ጋር አነጻጽሮ ምልክቱ በሁለቱም ወገን በተቀራራቢ መጠን፣ ከአምስቱ በአንዱ ገደማ ብቻ እንደተገኘ አሳየ። ደሙ በራሱ ጊዜ ቆሞ ምንም ምልክት ያላስቀረው ሕመምተኛ መዝገብ ላይ ከረጢት ብቻ ሲታይ፣ የዛሬው ሐኪም ምን ብሎ ሊጽፍ ይገባል? ውይይቱን ከዚህ ብንጀምር ደስ ይለኛል።